የአክስቴ ጠገራ ብሮች፦ ብር በሰላም የሚሸጠውና የሚገዛው የት ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ከሣጥን ሥር የተቀመጠ ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን በጨርቅ ቋጥረው ያኖሩት ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የምንለው ማለቴ ነው፣ ችግር ሲመጣ ወይም ውርስ ሲከፈል ይወጣል። ያን ቀን ታዲያ «የት ልሽጠው? ማንን ልመን?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይወጣል። እኔ መልሱን የተማርኩት ከጥፋቴ ነው። ሌላ ሰው በዚያው መንገድ እንዳይሄድ በማሰብ ልጽፈው ደፈርኩ።

የሆነው ነገር

እዚሁ ሀዋሳ ውስጥ፣ አረብ ሰፈር የምትኖር አክስት አለችኝ። እናቷ ስትዳር በመህር የተሰጧት 14 ጠገራ ብሮች በእጇ ነበሩ። የዓይን ሞራ ይዟት ሐኪም «ይገፈፍ» ባላት ጊዜ፣ ልጆቿን ላለማስቸገር ብሮቹን ልትሸጥ ወሰነች። ጎረቤት ለጎረቤት ሲወራ ወሬው አንድ ደላላ ጆሮ ደረሰ። ደላላው በሦስተኛው ቀን «ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ነው» ያለውን ሰው ይዞ ቤቷ መጣ። እኔም ተጠርቼ ነበርና አብሬ ተቀመጥኩ።

እንግዳው ብሮቹን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። «እነዚህ እኮ ጣልያን የሠራቸው ናቸው፤ ዋናዎቹ ቢሆኑ ኖሮ ዋጋ ነበራቸው» አለ። ሚዛን አላመጣም። እኛም አልጠየቅንም። ንግግሩ ሁሉ በአላህ ስም የሚጀምር፣ በአላህ ስም የሚጨርስ ስለ ነበር ሚዛን መጠየቅ ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ። አክስቴ ሁለቱን ለእናቷ ማስታወሻ አስቀርታ 12ቱን ሰጠችው። እሱም የተስማማነውን ገንዘብ ግማሽ ቆጠረ፣ ለቀሪው ደግሞ «ሐሙስ አመጣለሁ» ብሎ በእጁ ጽፎ ፈረመ። ብሮቹን በሙሉ ይዞ ሄደ።

ሐሙስ መጣ፤ ሰውየው አልመጣም። ስልኩ ዝግ ሆነ። ደላላው «እኔም ከመናኸሪያ ነው የተዋወቅሁት» አለ። ኋላ ስሌቱን ስማር፣ የተስማማንበት ዋጋ እንኳ ብሮቹ በያዙት ንጹሕ ብር ልክ ሲታሰብ ከሲሶ በታች ሆኖ አገኘሁት። ከዚያም ላይ የተከፈለን ግማሹ ብቻ ነው።

አክስቴ አልጮኸችም። «ገንዘቡስ ይቅር» አለች፤ «የእናቴ መህር በማን እጅ እንዳለ አለማወቄ ነው የሚቆጨኝ።» ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ «አንተ ተምረህ የለ እንዴ?» አለችኝ። ይህች ቃል ናት ያስጠናችኝ።

በመጀመሪያ፣ በእጃችን ያለው ምንድን ነው?

ማርትሬዛ የሚባለው ብር ስሙን ያገኘው ከኦስትሪያዋ ንግሥት ከማርያ ቴሬዛ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ቀረ። ምክንያቱ ነጋዴው ነው። ከቀይ ባሕር ወዲያና ወዲህ ያለው ሕዝብ የለመደውን መልክ ካላየ ስለማይቀበል፣ መልኩን መለወጥ አልተቻለም። ዐረቦች በጀርባው ያለውን ባለ ሁለት ራስ ንስር አይተው «አቡ ጠይር»፣ የወፍ ባለቤት፣ ብለውታል። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ተመትቷል። የተመታውም በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ጭምር ነው። ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር በተዘጋጀበት እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም እንዳስመታ የታወቀ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በላዩ 1780 ስለተጻፈ ብቻ «ከ240 ዓመት በላይ የቆየ ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ ያታልለናል፤ ዓመቱ ዕድሜውን አይናገርም። ሁለተኛ፣ «ጣልያን የሠራው ነውና አይረባም» የሚል ገዢም እንደዚያው ያታልለናል። በሮምም ይመታ በቪየና፣ በውስጡ ያለው ብር ያው ነው። አክስቴን የረታት ይህ ሁለተኛው ነገር ነው።

ልኩን በቃል እንያዘው። አንድ ማርትሬዛ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ (28.07) ይመዝናል። ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ንጹሕ ብሩ ከስድስት እጅ አምስቱ ሲሆን ቀሪው አንድ እጅ መዳብ ነው። ስለዚህ በአንዱ ውስጥ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ ማለት ነው። ያገለገለና የተፋቀ ከሆነ ክብደቱ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ግን ስሌቱ አይለወጥም፤ መዝኖ፣ ለስድስት ከፍሎ፣ አንዱን እጅ መጣል ነው።

ሌሎችም አሉ። ዐፄ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም ጀምሮ በፓሪስ ያስመቱት፣ የራሳቸው መልክና አንበሳ ያለበት ብር ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር እኩል ነው ሊባል ይችላል፤ ንጽሕናውም 83 ከግማሽ በመቶ ነው። ግማሹ አላድ ይባል ነበር፤ ሩብም ነበረው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ማርትሬዛውን አልተወም። በ1937 ዓ.ም አዲሱ የወረቀት ብር ከወጣ በኋላ ግን ጠገራው ቀስ በቀስ ከገበያ ወጥቶ ወደ ሣጥን ገባ፤ የቀረውም ቀልጦ አምባርና ድሪ ሆነ። በዚያው ዘመን የወጣው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክና 1936 የሚል ዓመት ያለበት ሃምሳ ሳንቲምም የብር ነው። ክብደቱ 7 ግራም ያህል ሲሆን ንጽሕናው አንዳንዱ 80፣ አንዳንዱ 70 በመቶ ነው። ዓመቱ አንድ ስለሆነ በማየት መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ሲሸጥ ዝቅተኛውን፣ ሲገዛም ዝቅተኛውን አስቦ መነጋገር ከክርክር ያድናል።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት

አክስቴ ያስቀረቻቸውን ሁለት ብሮች ይዤ አንድ አዛውንት አንጥረኛ ዘንድ ሄድኩ። ሳይሰለቹ ያሳዩኝን እዚህ አስፍራለሁ።

መጀመሪያ ሚዛን ነው። የወርቅ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ከ28 ግራም በብዙ የሚጎድል ወይም የሚበልጥ ከሆነ መጠርጠር ይገባል። ከአክስቴ ሁለት ብሮች አንደኛው ከልኩ ጎደለ፤ አዛውንቱ ጠርዙን አሳዩኝ። ለአንገት ጌጥ ተብሎ ማንጠልጠያ ተበይዶበት ኋላ የተነቀለ ኖሯል። እንዲህ ያለው ሐሰተኛ አይደለም። ነገር ግን በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ የተበሳም እንደዚሁ።

ሁለተኛው ጠርዙ ነው። የእውነተኛው ማርትሬዛ ጠርዝ ላይ ፊደላትና ጌጥ ወጣ ወጣ ብለው ዙሪያውን ይታያሉ። በአሸዋ ቅርጽ ፈስሶ የተሠራው ሐሰተኛ ግን ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ ወይም በሞረድ የተፋቀ መስመር ይታይበታል። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ እንቁዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የድሮ ነጋዴዎችም እነሱን ቆጥረው ነበር የሚቀበሉት።

ሦስተኛው ማግኔት ነው። ብር በማግኔት አይሳብም። ከተሳበ ነገሩ አለቀ፤ ሐሰተኛ ነው። ካልተሳበ ግን ገና አልተረጋገጠም፤ መዳብም እርሳስም አይሳቡምና።

አራተኛው ውሃ ነው፤ እኔን ያስደነቀኝም ይኸው ነው። በሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ያስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ ያደርጋሉ። ብሩን በቀጭን ክር አስረው፣ ታችም ጎንም ሳይነካ ውሃው ውስጥ ያንጠለጥሉታል። እውነተኛ ማርትሬዛ ከሆነ ሚዛኑ 2.75 ግራም ያህል ያሳያል። መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበት ሐሰተኛ ከሆነ፣ ክብደቱ እንኳ 28 ግራም ቢሞላ፣ ከ3 ግራም በላይ ያሳያል። ብረት ሁሉ ክብደቱን ሊያስመስል ይችላል፤ ክብደቱንም መጠኑንም በአንድ ጊዜ ማስመሰል ግን ይከብደዋል።

አዛውንቱ አንድ ምክር ጨመሩልኝ፦ «ልሽጥ ብለህ በአመድና በሎሚ አታሽው።» ለማቅለጥ የሚገዛ ሰው ለማብለጭለጩ አይከፍልም። ለታሪክ የሚገዛ ሰብሳቢ ደግሞ የታሸውን ዋጋ ይቀንሳል። በሁለቱም በኩል ኪሳራ ነው።

ሸሪዓው ያዘጋጀልን መጠበቂያ

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ ፍንትው ብሎ የታየኝ። ብርን በገንዘብ መሸጥ እንደ ጤፍ ወይም እንደ ጨርቅ ንግድ አይደለም፤ በፊቅህ «ሰርፍ» የሚባለው የምንዛሬ ክፍል ነው። ኡባዳ ኢብኑ ሷሚት (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወርቅ በወርቅ፣ ብር በብር ሲለወጥ እኩል በእኩልና እጅ በእጅ እንዲሆን፣ ዓይነቱ ሲለያይ ግን እጅ በእጅ እስከሆነ ድረስ በፈለጉት ዋጋ እንዲሸጡ አስተምረዋል። የወረቀት ገንዘብም ራሱን የቻለ ገንዘብ ስለሆነ የወርቅና የብር ድንጋጌ እንደሚመለከተው የዓለም አቀፉ ኢስላማዊ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 አማን ላይ ወስኗል። እንግዲህ ጠገራ ብርን በወረቀት ብር ስንሸጥ ዋጋው በስምምነታችን ነው። «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሐሙስ» ማለት ግን አይቻልም።

ይህን ሳነብ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ሰውየው የታመነ ቢሆንስ? መልሱን በቡኻሪ ዘገባ ውስጥ አገኘሁት። ማሊክ ኢብኑ አውስ የተባሉት ሰው 100 ዲናር ወርቅ በብር ሊመነዝሩ ፈለጉ። ጦልሐ ኢብኑ ዑበይዲላህ (ረ.ዐ.) ወርቁን ተቀብለው በእጃቸው እያገላበጡ፣ ገንዘብ ያዣቸው ከጫካው እስኪመለስ ብሩን እንዲጠብቁ ነገሯቸው። ዑመር (ረ.ዐ.) ይህን ይሰሙ ነበርና፣ ብሩን ሳይቀበሉ ከጦልሐ እንዳይለዩ በአላህ ስም ምለው ከለከሉ። ልብ እንበል! ጦልሐ ጀነት ከተበሠሩት ከአሥሩ ሰሐቦች አንዱ ናቸው። በዚያ ዘመን ከእርሳቸው ይበልጥ የሚታመን ማን ይፈለጋል? ዑመር ግን ስለ ሰውየው ታማኝነት አንዲት ቃል አልተናገሩም። ድንጋጌው ለታማኝም ለከሃዲም አንድ ነው። በዚያው ዓይነት አክስቴ ቤት ሚዛን መጠየቅና ሙሉውን ገንዘብ መጠየቅ እንግዳውን መሳደብ አልነበረም፤ ዲኑን መጠበቅ ነበር። እኔ ያፈርኩት ባልታፈረበት ቦታ ነው።

ሁለተኛ ነገር አለ። ብዙ እናቶች አሮጌውን ጠገራ ለአንጥረኛ ሰጥተው፣ ክብደቱ ያነሰ አዲስ የብር አምባር ይቀበላሉ። ይህ ብር በብር ስለሆነ ክብደቱ ካልተካከለ፣ በብዙኃኑ ዑለማእ ዘንድ ሪባ ነው። ለእጅ ሥራ ጭማሪ ይቻላል ያሉ እንደ ኢብኑ ተይሚያ ያሉ ዑለማእ ቢኖሩም ከክርክር መውጫው ቀላል ነው። ቢላል (ረ.ዐ.) ሁለት ቁና መናኛ ተምር ሰጥተው አንድ ቁና መልካም ተምር ባመጡ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያ ራሱ ሪባ መሆኑን ገልጸው፣ መናኛውን በሌላ ዋጋ ሸጠው በዋጋው መልካሙን እንዲገዙ መርተዋቸዋል። እኛም ጠገራውን በወረቀት ብር ሸጠን ገንዘቡን በእጃችን ካደረግን በኋላ አምባሩን እንግዛ። ይህ ለኪሳችንም ይጠቅማል፤ የአሮጌው ዋጋና የአዲሱ ዋጋ ለየብቻ ስለሚታወቅ ማንም በመካከል ሊሸርፈን አይችልም። የምኒልክን ብር በማርትሬዛ የሚለውጥም እንዲሁ ያድርግ።

ዛሬ በቴሌብር ወይም በባንክ ማስተላለፍ አለ። አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1990 ገንዘብ በሰው የባንክ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን እንደ መረከብ ቆጥሮታል። ስለዚህ ከቦታው ሳይለያዩ ገንዘቡ ሒሳባችን ከገባ ጥሩ ነው። ነገር ግን የገዢው ስልክ ላይ የሚታይ ጽሑፍ መረከብ አይደለም። መልእክት የሚያስመስሉ አታላዮች አሉና የራሳችንን ቀሪ ሒሳብ ራሳችን ከፍተን ሳናይ ብሩን ከእጃችን አናውጣ።

ታዲያ የት?

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነጋዴዎች ከገጠር የሚመጣውን ሲራራ ከከተማ ውጭ ወጥተው፣ ባለ ዕቃው የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ እንዳይገዙት ከልክለዋል። ከገዙትም ሻጩ ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያይ ሽያጩን የማጽናትም የማፍረስም ምርጫ እንዳለው ሙስሊም ዘግበዋል። ይህ የጥንት ነገር ይመስለን ይሆናል። ከሻሸመኔ፣ ከሐላባ፣ ከአለታ ወንዶ ሰው ጭኖ የሚመጣ አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ «የድሮ ብር ያለው» የሚል ደላላ ያየ ሰው ግን ሲራራው ዛሬም እንዳለ ያውቃል። ቤታችን ድረስ የሚመጣውም ያው ነው፤ ከገበያው ቀድሞ ነው የሚያገኘን።

ስለዚህ «የት?» ለሚለው የሱቅ ስም አልሰጥም። ሱቅ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ባለቤቱም ይለወጣል። ምልክቱን ግን እነግራለሁ። በሀዋሳ ከተማ መካከል ካሉት ወርቅና ብር ቤቶች፣ ንግድ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ ሚዛኑ ሻጭም ገዢም በሚያዩት በኩል የተቀመጠ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ «ሌላ ጋ ጠይቀህ ና» ሲባል ፊቱ የማይጠቁር፣ ያ ቤት ይሆናል። ቢያንስ ሦስት ቤት መጠየቅ ነው። ብቻ መሄድ አይገባም፤ ምስክር ይዞ፣ በቀን፣ ብሮቹን በሙሉ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለቱን ይዞ ዋጋ መጠየቅ ነው። ስንት እንዳለን ለማያገባው ሰው አንናገር።

ሲሄዱ የራስን ስሌት ይዞ መሄድ ነው። የዓለም የብር ዋጋ በዶላር የሚነገረው በ31.1 ግራም ነው። ያን ዋጋ ለ31.1 ከፍለን በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ስናባዛው የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ ይመጣል። ለማስላት ያህል ብቻ ግራሙ 100 ብር ነው ብንል፣ አንድ ሙሉ ማርትሬዛ 2,339 ብር የሚያወጣ ንጹሕ ብር ይዟል ማለት ነው። ገዢው ትርፍና የማቅለጫ ድካም ስላለበት ከዚያ ዝቅ አድርጎ ቢሰጥ አግባብ ነው፤ ሲሶውን ብቻ ቢሰጥ ግን እናውቀዋለን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ ያለፈው ወር ስሌት ዛሬ ላይሠራ ይችላል። በሄዱበት ቀን አዲስ ማስላት ነው።

የምኒልክ ብር ወይም ያልተበሳ፣ ያልታሸ ጥሩ ጠገራ ከሆነ ግን በክብደቱ ብቻ መሸጥ ጉዳት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን የሚፈልጉ ሰብሳቢዎችና የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። በቸርችል ጎዳና ያሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆችና መርካቶ ለመጠየቅ ጥሩ ናቸው። አንድ ሁለት ብር ላለው ሰው የመንገዱ ወጪ ትርፉን ይበላዋል፤ ብዙ ላለው ግን፣ ወይም በዚያ ያለ ዘመድ ፎቶውን ይዞ ቢጠይቅለት፣ ያዋጣል። ፎቶ እንጂ ብሩ አይላክ።

ለገዢም ለሻጭም የሚሆን ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብሩ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ መግዛት የተሰረቀ መግዛት ሊሆን ይችላል። የሻጩን መታወቂያ አይቶ በደረሰኙ ላይ ስሙን ማስፈር፣ በዚህ ዓለም ከፖሊስ፣ በወዲያኛው ዓለም ከሒሳብ ያድናል። ሌላው፣ ጥንታዊ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ደንግጓል። ለውጭ ዘመድ ልላክ ወይም ለቱሪስት ልሽጥ የሚል ሰው የቅርስ መሥሪያ ቤቱን አስቀድሞ ቢጠይቅ በአየር ማረፊያ ከማፈር ይድናል።

የማይሸጠውስ?

ሳይሸጡ የሚያስቀምጡም ግዴታ አለባቸው። የብር ኒሳብ 200 ዲርሃም፣ ማለትም 595 ግራም ያህል ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የሚቆጠረው ንጹሑ ብር ስለሆነ፣ ሙሉ ክብደት ያላቸው 26 ማርትሬዛዎች ያሉት ሰው ኒሳቡን ሞልቷል። በሐነፊይ ደግሞ ብሩ ከመዳቡ ስለሚበዛ ጠቅላላ ክብደቱ ይቆጠራልና 22 ይበቃል። ሌላ ጥሬ ገንዘብና የንግድ ዕቃ ያለው ሰው ደግሞ ከዚያ ጋር ስለሚደምረው ከዚህ ባነሰም ሊደርስ ይችላል። ዓመት ሲሞላው ከ40 አንድ እጅ ዘካ ይወጣበታል። ስንት እናቶች «ማስታወሻ ነው» ብለው ዘካውን ሳያወጡ ሃምሳ ዓመት አስቀምጠውታል! የየአካባቢውን ዓሊም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ገዢው እኔ ስሆን

ያለፈው ረመዳን ከመግባቱ በፊት እኒያ አዛውንት አንጥረኛ ዘንድ ተቀምጬ ሳለ፣ ከገጠር የመጣ ወጣት አምስት ማርትሬዛ በመሐረብ ቋጥሮ ገባ። አዛውንቱ ለሶላት ወጥተው ነበር። ወጣቱ የሱቁ ሰው መስሎት ለእኔ ዘረጋልኝና ለአንዱ የሚፈልገውን ዋጋ ተናገረ። ከአክስቴም የባሰ ዝቅ ያለ ዋጋ ነበር። ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን ልናገር፤ ገንዘቡ በኪሴ ነበር። እጅ በእጅ ብገዛው ሰርፉ ይስተካከላል፤ ዋጋውንም የጠራው ራሱ ነው። የአክስቴን ኪሳራ የምመልስበት ቀን መጣ ብዬ ለአፍታ አሰብኩ።

ከዚያ የጀሪር ኢብኑ ዐብደላህ (ረ.ዐ.) ታሪክ ትዝ አለኝ። ፈረስ በ300 ዲርሃም ሲገዛላቸው፣ ፈረሱ ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ለባለቤቱ እየነገሩ ዋጋውን ራሳቸው ወደ 800 አደረሱት። ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊሆኑ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል ገብተው ነበርና። እኔ ጀሪር አይደለሁም። ቢያንስ ግን አክስቴ ቤት የመጣውን ሰው መሆን አልፈለግሁም። ለወጣቱ «ተቀመጥ፣ ባለቤቱ ይመጣሉ፤ ይህ ብር አንተ ካልከው በላይ ያወጣል» አልኩት። ወጣቱ በጥርጣሬ አየኝና ብሮቹን መልሶ ቋጠረ። አዛውንቱ ሲመጡ ሚዛኑን ወደ እሱ አዙረው መዘኑለት፣ ስሌቱን በወረቀት አሳዩት፣ ገንዘቡንም እዚያው ቆጠሩለት።

የአክስቴ ዓይን በልጆቿ ወጪ ተገፎ ዛሬ ደህና ታያለች፤ አልሐምዱሊላህ። አሥራ ሁለቱ ብሮች አልተገኙም። የወጣቱን ነገር ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ ሁለቱን ብሮች ከሣጥን አወጣችና «እነዚህን የምንሸጥበት ቀን ከመጣ፣ እንደዚያ ልጅ ነው የምትሸጥልኝ» አለችኝ። ብር በሰላም የሚሸጥበት ቦታ ሚዛኑ ፊት ለፊት ያለበት፣ ዋጋው የሚታወቅበት፣ ገንዘቡና ብሩ በአንድ መቀመጫ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፉበት ቦታ ነው። ከዚያ ቦታ ጎትቶ የሚያወጣንን ሰው፣ አንደበቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ «ሚዛኑን አምጣው፣ ገንዘቡንም አሟላው» ብንለው ነውር የለበትም።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።